በአነስተኛ ገንዘብ ስለተሠራው የዝላይ ጌማችን ተጫዋቾች ከሚሉት የትኛውን እንስማ?

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። በትርፍ ሰዓታችን የድሮውን ዘመን መልክ የያዘ፣ አንድ እረኛ በአምባሰል ገደሎች ላይ እየዘለለ ከጅብና ከአሞራ ጋር የሚታገልበት ትንሽ ጌም ሠርተናል። ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ጌም ቤቶች ለወጣቶች ሰጥተን አስጫወትን። አንዱ በጣም ይከብዳል፣ ሌላው አጭር ነው፣ ሌላው ጆይስቲኩ አይሰማም፣ ሌላው ሥዕሉ የድሮ ነው፣ ሌላው ሙዚቃው ይሰለቻል፣ ሌላው ጽሑፉ አይነበብም አሉን። ብዙዎቹ ግን አሪፍ ነው፣ አብሽሩ ብለውን ሄዱ። ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ የቀረን ጊዜም ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የትኛውን አስተያየት ተቀብለን የትኛውን እንተው?»

ምላሽ፦ ጥያቄያችሁን አንብቤ፣ አብራችሁ የላካችሁትን ጌምም በእርጋታ ተጫውቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። መልሴን በቅድሚያ ላስቀምጥና ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። ተጫዋቾቹ ከነገሯችሁ ነገር አብዛኛው፣ ቃሉ ይለያይ እንጂ፣ የሚናገረው የመዝለያው ቁልፍ ከሚነካበት ቅጽበት በፊትና በኋላ ስላለችው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው። «ይከብዳል» ያለውም ሆነ «ጆይስቲኩ አይሰማም» ያለው ስለዚህችው ቅጽበት እየተናገሩ ነው፤ «አጭር ነው» ያለው እንኳ፣ ከታች እንደማሳያችሁ፣ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ የቀራችሁን ጊዜ በመጀመሪያ ለዝላዩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተጫዋቹ ሞቶ ወደ ጨዋታው ለሚመለስበት መንገድ ስጡት። ሥዕሉን ለጊዜው አትንኩት።

ስለ አስተያየት አነባበብ ጥቂት ልበል። ተጫዋች የተቸገረበትን ቦታ ሲጠቁማችሁ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ትክክል ነው፤ የተቸገረው እሱ ነውና በዚህ ላይ ከእሱ ጋር መከራከር አይገባም። መፍትሔውን ሲነግራችሁ ግን የጌሙን ውስጣዊ አሠራር ሳያውቅ ስለሚናገር፣ የሚለውን ነገር የችግር ጥቆማ አድርጋችሁ ብቻ ውሰዱት። ለምሳሌ ሦስተኛው ደረጃ ላይ «ጅቡን ቀንሱልን» ያላችሁ ተጫዋች ካለ፣ ችግሩ የጅቦቹ ብዛት አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የእናንተ ጅብ ከስክሪኑ ጠርዝ ብቅ ብሎ እረኛው ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ደግሞ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ተጫዋቹ የሚተርፈው አስቀድሞ አንድ ጊዜ ሞቶ ጅቡ እዚያ መኖሩን ካወቀ ብቻ ነው ማለት ነው። ጅቡን ከመቀነስ ይልቅ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ብታሰሙ፣ ወይም ከመወርወሩ በፊት ለአፍታ ቆሞ ጀርባውን እንዲያጎብጥ ብታደርጉ፣ የጅቡን ቁጥር ሳትነኩ ቅሬታው ይጠፋል።

«አሪፍ ነው፣ አብሽሩ» ያሏችሁን በደስታ ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ንግግራቸውን ለሥራችሁ መረጃ አድርጋችሁ አትያዙት። በእኛ በወሎ ለፍቶ የሠራን ሰው ፊት ለፊት ቅስሙን መስበር ነውር ነው፤ ይህ የምወደው ባህል ነው፣ እንዲቀርም አልመኝም። ነገር ግን ጌማችሁን በፍቅር ያሞገሰው ልጅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን አውጥቶ ከሆነ፣ ትክክለኛው አስተያየቱ ያ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሠሪዎቹ መሆናችሁን ሳትናገሩ ከጀርባ ተቀመጡ፤ ጌሙንም የጌም ቤቱ ባለቤት ያቅርበው። እጁን ተመልከቱ፤ የት ቦታ ላይ ቁልፉን ደጋግሞ እንደሚጫን፣ የት ወደ ስክሪኑ እንደሚጠጋ፣ የትኛው ሞት ላይ እንደሚስቅና የትኛው ላይ ወደ ጓደኛው ዞሮ «አየህ አይደል?» እንደሚል ጻፉ። ከዚሁ ጋር ጌሙ ራሱ እያንዳንዱን ሞት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲመዘግብ አድርጉት፤ የደረጃው ቁጥር፣ እረኛው የነበረበት ቦታና ገዳዩ ምን እንደነበር ይበቃል። ይህ ጥቂት መስመር ኮድ ነው የሚጠይቀው፤ ሞቶቹን በካርታው ላይ በቀይ ነጥብ ብታስቀምጧቸው ደግሞ አስተያየቶቹ የተቃረኑ የመሰሏችሁ ሰዎች ሁሉ እዚያው ሦስት አራት ቦታ ላይ እንደሞቱ ታያላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ሕዝብ መሰብሰብም አያስፈልግም። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ 5 ሰዎችን በጥንቃቄ መመልከት አብዛኛውን እንከን ለማግኘት እንደሚበቃ አስረድቷል። እሱ የጻፈው ስለ ድረ ገጾች ቢሆንም፣ እናንተ ላላችሁበት ደረጃ ሐሳቡ ይሠራል፤ 5 ሰው ተመልክታችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ ሌላ 5 ሰው መመልከት 30 ሰው በአንድ ቀን ከማስጫወት ይሻላል።

የሚናገረው ማን እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል። ጌም ቤት የሚገባው ወጣት እጁ የለመደው በአብዛኛው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ጆይስቲክ ሲጨብጥ አውራ ጣቱ በቀጥታ ወደ ክቡ መዘወሪያ ይሄዳል። በዕድሜ ከፍ ያለው ደግሞ ልጅ ሳለ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠም፣ ካሴት በሚገባበት የቻይና ሥሪት ማጫወቻ ማሪዮንና ኮንትራን የተጫወተ በመሆኑ የመስቀል ቅርጽ ያለውን የአቅጣጫ ቁልፍ ይፈልጋል። ጌማችሁ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም መዘወሪያው ትንሽ ነቅነቅ ሲል እረኛው መራመድ ይጀምራል። ጌም ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲገፋ የኖረ ጆይስቲክ ደግሞ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ስለሆነ፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመው እረኛ በራሱ ተንሸራትቶ ይወድቃል። የመዘወሪያው የመጀመሪያ ሩብ እንቅስቃሴ እንደ ዜሮ እንዲቆጠር አድርጉ። «አይሰማም» የሚለው ቅሬታ አንዱ ክፍል በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የድሮውን ጣዕም ለማምጣት የሞከራችሁበት መንገድ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮችን ያጋጠመ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ቁልፉን ረዘም አድርጎ የያዘ ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ቶሎ የለቀቀ ዝቅ ብሎ፤ አየር ላይ ሆኖም ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። በዓመቱ፣ በ1986 የወጣው ካስልቫኒያ ግን ዝላዩ አንዴ ከተጀመረ አቅጣጫው አይቀየርም፤ ተጫዋቹ ከመዝለሉ በፊት ወስኖ መዝለል አለበት። ሁለቱም እስከ ዛሬ የሚወደዱ ሥራዎች ናቸው። የሚወደዱትም እያንዳንዳቸው ገደላቸውንና ጠላታቸውን በራሳቸው ዝላይ ልክ ስለሰፉ ነው፤ ካስልቫኒያ ላይ ክፍተቶቹ ጠበብ ያሉ፣ ጠላቶቹም አመጣጣቸው የሚገመት ነው፤ ማሪዮ ላይ ክፍተቱ ይሰፋል፣ መድረኩም ይንቀሳቀሳል፣ ተጫዋቹ ግን አየር ላይ ሆኖ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። የእናንተ ጌም ዝላዩን ከሁለተኛው፣ ገደሉን ከመጀመሪያው ወስዷል። እረኛው አየር ላይ መታጠፍ አይችልም፤ የሚያርፍበት ድንጋይ ግን ጠባብና ተንቀሳቃሽ ነው። «ይከብዳል» ያላችሁ ሰው የተናገረው ይህንኑ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ እኔ እረኛው አየር ላይ እንዲታጠፍ መፍቀድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ገደሎቹን ሁሉ እንደገና መለካት ግን ወራት ይወስድባችኋል።

ስለ ድሮ ጌም አስቸጋሪነት ከተነሳ አይቀር፣ ጓደኛችሁ በደብዳቤው ግርጌ «የድሮ ጌም መክበድ አለበት» ብሎ የጻፈውን ልመልስ። ጎስትስ ኤን ጎብሊንስ የተባለው የካፕኮም ጌም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሳንቲም ለሚጎርሱ የአዳራሽ ማሽኖች ነው፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ይሞታል፣ መጨረሻውን ለማየትም ጌሙን ሁለት ጊዜ ዳር ማድረስ ግድ ነው። እንዲህ ያለው ክብደት ሳንቲም ቶሎ ቶሎ እንዲገባ የሚያደርግ የገበያ ምክንያት ነበረው። እናንተ ሳንቲም አትሰበስቡም። ሰዎች ከድሮ ጌም የሚናፍቁት ድካሙን አልፎ ማሸነፍን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሞታቸው የራሳቸው ጥፋት ሆኖ ሊሰማቸው ይገባል።

ያ ስሜት የሚፈጠረው ወይም የሚበላሸው ደግሞ በፍሬሞች፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በተከታታይ በሚታዩት ነጠላ ምስሎች፣ ነው። ጌማችሁ በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳያል፤ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ጎዶ ከተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣውን የናሙና ኮድ ይዛችሁ እንደተነሳችሁ ከዝላዩ ቁመት ያስታውቃል፤ የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ፒክስል (ፒክስል የስክሪኑ ትንሿ ነጥብ ናት)፣ ስበቱ 980 ሲሆን እረኛው 82 ፒክስል ያህል ከፍ ይላል። ያ ናሙና ደግሞ መዝለልን የሚፈቅደው ገጸ ባሕሪው መሬት ላይ ባለበት ፍሬም ብቻ ነው። ይህ በኮድ ዓይን ትክክል ነው፤ በሰው ዓይን ግን ስሕተት ነው። ተጫዋች ሩቅ ለመዝለል ሲል እስከ ጠርዙ ጫፍ ድረስ ይሮጣል፤ ቁልፉን ሲጫን እረኛው ከጠርዙ ሁለት ፍሬም አልፎ ከሆነ፣ ኮዱ «አየር ላይ ነህ» ብሎ ይከለክለዋል፣ እረኛውም ወደ ገደል ይወርዳል። ተጫዋቹ ግን ቁልፉን መጫኑን በጣቱ ያውቃል። «ጆይስቲኩ አይሰማም» የሚለው ለዚህ ነው፤ ዓይኑ ካየውና ጣቱ ካደረገው ተነስቶ ሲፈርድ ፍርዱ ትክክል ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሴሌስት የተባለ ጌም የሠሩት ሰዎች ለተጫዋቹ ጥቃቅን ስሕተት የሚያደርጉትን ይቅርታ በይፋ አስረድተዋል፤ ገጸ ባሕሪዋን የሚያንቀሳቅሰው ኮድም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ገጸ ባሕሪዋ ከጠርዙ ከወጣች በኋላ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ ማለትም ለ6 ፍሬም ያህል፣ መሬት ላይ እንዳለች ተቆጥራ መዝለል ትችላለች። ቁልፉ ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ ከተጫነም ትእዛዙ ተይዞ ልክ መሬት ስትነካ ይፈጸማል። ጭንቅላቷ የጣሪያ ጥግ በ4 ፒክስል ያህል ቢነካት ወደ ጎን ገፋ ተደርጋ ታልፋለች እንጂ አትጋጭም። ልብ በሉ፤ ሴሌስት በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ጌም ነው። እነዚህ ይቅርታዎች ጌሙን አላቀለሉትም፤ ያደረጉት ተጫዋቹ ያሰበውና ስክሪኑ ላይ የሆነው እንዲገናኙ ነው። እረኛችሁ በሰከንድ 90 ፒክስል የሚሮጥ ከሆነ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚያልፈው 9 ፒክስል ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም፣ ሁሉም ግን ይሰማዋል።

የዝላዩን ቅርጽም በግምት አታስተካክሉ። ከፍታውንና ጫፉ ላይ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ እናንተ ወስኑ፤ ከዚያ የከፍታውን እጥፍ ለጊዜው ብታካፍሉ የመነሻ ፍጥነቱን፣ ያንኑ እጥፍ ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ብታካፍሉ ስበቱን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ የእናንተ ድንጋይ ባለ 16 ፒክስል ስለሆነ እረኛው 4 ድንጋይ፣ ማለትም 64 ፒክስል፣ በ0.4 ሰከንድ ይዝለል ብትሉ፣ የመነሻ ፍጥነቱ 320፣ ስበቱ 800 ይሆናል። ሲወርድ ስበቱን በአንድ ተኩል አባዙት፤ 1200 ሲሆን የሚወርድበት ጊዜ ወደ 0.33 ሰከንድ ያጥራል፣ እረኛውም እንደ ላባ መንሳፈፉን ይተዋል። ቁልፉ ቀድሞ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ላይ የሚወስደውን ፍጥነት በግማሽ ቁረጡት። ተንሳፋፊነቱን በቃል የነገራችሁ ተጫዋች የለም፤ እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ገደል ላይ ነው የተሰማኝ፣ እነሱም በ«አይሰማም» ውስጥ ጨምረውት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ጌም ቤቶቹ ቴሌቪዥን የግድ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ወጣት ሠሪዎች ይህን ሳያውቁ ደህና ሥራቸውን ሲያበላሹ አይቻለሁ። ዘመን ያለፈባቸው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀናብሩ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ያዘገዩታል። 100 ሚሊ ሰከንድ ማለት 6 ፍሬም ነው፤ ተጫዋቹ የሚያየው እረኛው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው ማለት ነው። እናንተ ኮምቦልቻ ሆናችሁ በላፕቶፕ ስክሪን ስትፈትኑት ይህ መዘግየት ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ ጌሙ ለእናንተ የሚታዘዝ፣ ለደሴው ልጅ ደግሞ የማይታዘዝ ቢሆን ሁለታችሁም እውነት እየተናገራችሁ ነው። ቴሌቪዥኑ ለጌም የተዘጋጀ የምስል ምርጫ ካለው እሱን አስከፍቱ፤ ከሌለው ግን አስተያየቱን ስትመዘግቡ የቴሌቪዥኑን ዓይነት አብራችሁ ጻፉ። በቀድሞዎቹ ባለ ጀርባ ቴሌቪዥኖች ማሪዮን የተጫወተ ሰው «የድሮው ይሻል ነበር» ሲልም ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ሳያከማቹ እንደመጣ ስለሚያሳዩት በእርግጥም ይፈጥኑ ነበር።

ሞትና መመለስ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በጌማችሁ እረኛው ሲሞት ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ጽሑፍ ይመጣል፣ ቁልፍ ይጠየቃል፣ ከዚያ ደረጃው ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ይህ ሁሉ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሱፐር ሚት ቦይ ከእናንተ ጌም እጅግ የከበደ ሆኖ ሳለ ሰዎች በትዕግሥት የሚጫወቱት፣ ሞቶ መነሳት በቅጽበት ስለሚያልቅና ደረጃዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ነው። ተጫዋች ሃያ ጊዜ መሞትን ይችላል፤ ሃያ ጊዜ መጠበቅን አይችልም። መመለሻውን ከአንድ ሰከንድ በታች አድርጉት፣ በየደረጃው መሐልም ቢያንስ አንድ የመመለሻ ነጥብ አስቀምጡ። እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ መብራት ይጠፋል። የሦስት ደረጃ ድካሙ በመብራት መሄድ የጠፋበት ልጅ ስለ መብራቱ አይነግራችሁም፤ «ሰለቸኝ» ብሎ ይሄዳል። ሜጋ ማን 2 እና መሰሎቹ በዘመናቸው የይለፍ ቃል ይሰጡ የነበረው ካሴቱ ማስታወስ ስለማይችል ነበር፤ የእናንተ ማሽን ግን ይችላል። ተጫዋቹ ሳይጠየቅ በእያንዳንዱ የመመለሻ ነጥብ ላይ ጌሙ ራሱን ያስቀምጥ።

«አጭር ነው» የሚለውን በሁለት ዓይን ተመልከቱት። በሰዓት ሂሳብ የሚከፍል የጌም ቤት ደንበኛ ጌሙ በከፈለው ሰዓት ውስጥ ካለቀ የተቆረጠበት ይመስለዋል፤ ይህ ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ አከፋፈሉ የሚነግር ነው። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በጠቅላላው 32 ደረጃ ሲሆን ፕሮግራሙና ሥዕሉ ተደምሮ 40 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ያጠረ ነው ብሎ የሚያማርር ግን አልሰማሁም። የእናንተ 9 ደረጃዎች በቁጥር አያንሱም። የሚያሳጥራቸው ከአራተኛው ደረጃ በኋላ አዲስ ነገር አለመምጣቱ ነው፤ ያው ጅብ፣ ያው አሞራ፣ ያው ድንጋይ ይደጋገማል። ዝላዩ በአንድ መንገድ ብቻ የሚሠራ ስለሆነም ተጫዋቹ በዘጠነኛው ደረጃ ላይ የሚያደርገው በሁለተኛው ያደረገውን ነው። ሌላ 9 ደረጃ ከመጨመር ይልቅ እረኛው በዱላው ተደግፎ የሚዘልበትን አንድ ችሎታ ጨምራችሁ፣ ያሉትን ደረጃዎች በእሱ እንደገና ብትቃኟቸው፣ ርዝመቱ ሳይጨምር ጌሙ ይረዝማል።

ሙዚቃው ይሰለቻል ያሏችሁ ልጆች ተሳስተዋል አልልም፤ ሙዚቃው ግን ግሩም ነው። የባቲን ቅኝት በሁለት ስለታም ድምፅና በአንድ ባስ ማሰማታችሁ፣ የቀድሞው የኒንቴንዶ ማጫወቻ በነበሩት አምስት የድምፅ መስመሮች ልክ መሥራታችሁ፣ የአምባሰልን ገደል ከማየቴ በፊት በጆሮዬ አሳይቶኛል። ችግሩ ያለው እረኛው በሞተ ቁጥር ዜማው ከመጀመሪያው መነሳቱ ላይ ነው። በአስቸጋሪ ቦታ በየአሥር ሰከንዱ የሚሞት ተጫዋች የሚሰማው የዜማውን መግቢያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ማለትም ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበትን ውብ ክፍል፣ አንድም ጊዜ አልሰማውም። ሲሞት ሙዚቃው ሳይቋረጥ ይቀጥል። ሌላ ዜማ አትጻፉ።

ጽሑፉ አይነበብም ያለው ሰው ፍጹም ትክክል ነው፤ ይህም የእኛ ፊደል የራሱ ጥያቄ ስለሆነ ከውጭ ጌሞች የምትቀዱት መልስ የለም። የድሮዎቹ ጌሞች ላቲኑን ፊደል በ8 በ8 ፒክስል ሣጥን ውስጥ ይከቱት ነበር። እናንተም በዚያው ሣጥን አማርኛውን ከታችኋል። ነገር ግን በኃምስ ፊደል ግርጌ ያለችው ቀለበት ውስጧ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 በ3 ፒክስል ትፈልጋለች፤ ከ8ቱ 3ቱ ለቀለበቷ ብቻ ከሄዱ ለፊደሉ አካል የሚበቃ አይተርፍም። ስለዚህ ነው «ሚ»ና «ሜ»፣ «ቺ»ና «ቼ» በስክሪናችሁ ላይ አንድ የሆኑት። ሣጥኑን ወደ 12 ፒክስል ከፍ አድርጉ፣ ንግግሩንም አሳጥሩ። የድሮ መልክ ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ፤ የሚነበብ ፊደል ያለው ጌም የትኛውም ዘመን ላይ አያስነቅፍም።

ሥዕሉን በተመለከተ «የድሮ ነው» የሚለው ቅሬታ ሳይሆን ገለጻ ነው፤ የድሮ እንዲመስል አድርጋችሁ ሠርታችሁታልና። ያት ክለብ ጌምስ የተባለው ድርጅት ሾቨል ናይት የሚባለውን ጌሙን ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ2013 ከደጋፊዎች 75 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ311 ሺህ በላይ ያገኘው ይህንኑ መልክ አሳይቶ ነው። ሆኖም የቀድሞውን የኒንቴንዶ ማሽን እንከን ሁሉ አልቀዱም፤ ያ ማሽን በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲመጣ ያብለጨልጭ ነበር፣ እነሱ ይህን ትተው ስክሪኑንም አስፍተውታል። ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ የኋላው ገደልና እረኛው የሚቆምበት ድንጋይ ቀለማቸው ስለተቀራረበ የኋላውን አደብዝዙት። ዳይሱኬ አማያ ኬቭ ስቶሪ የተባለውን ጌም ለአምስት ዓመት ያህል ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በነፃ ሲለቀው ሥዕሉ ከእናንተ የበለጠ ዝርዝር አልነበረውም፤ የሚረገጠውና የማይረገጠው ግን በግልጽ ይለያል።

ጌሙን የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ በሆነው ስቲም ላይ ለማውጣት ስላሰባችሁ ከዚያም የሚመጣውን አስተያየት እንዴት እንደምታነቡት ባጭሩ ልንገራችሁ። ለአንድ ጌም የማስገቢያ ክፍያው 100 ዶላር ነው። እዚያ የሚታየው መቶኛ «እመክራለሁ» ያሉት ሰዎች ድርሻ እንጂ ጌሙ የተሰጠው ማርክ አይደለም፤ የሚወጣውም 10 አስተያየት ሲሞላ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንድ ሰው ቅሬታ ብቻውን 10 በመቶ ይመዝናል። ከእያንዳንዱ አስተያየት ጋር ጸሐፊው የተጫወተው ሰዓት ይታያል፤ ከቃሉ በፊት ያንን ተመልከቱ። ገዢው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ሊለፋባቸው ይገባል። ለሚከብዳቸው ሰዎች ሴሌስት እንዳደረገው የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስ ምርጫ ብታስገቡ አስቸጋሪነቱን ለሚወዱት ሳትነኩ ሌሎቹን ትይዛላችሁ።

ዝላዩን፣ መመለሻውንና ፊደሉን አስተካክላችሁ ወደ ጌም ቤቶቹ ስትመለሱ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ተጫዋቹ ከጨረሰ በኋላ «የሞትህበት ቦታ ሁሉ የራስህ ጥፋት ነበር? ያልመሰለህ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እዚያ ጥያቄ ላይ ይሉኝታ ያለው ልጅ እንኳ በጣቱ ያሳያችኋል። የሚጠቁመውን ቦታ ከሞት መዝገባችሁ ጋር አስተያዩና ፋይሉን፣ የቴሌቪዥኑንም ዓይነት ጽፋችሁ፣ ላኩልኝ፤ ከጅቡ ጀምሬ አየዋለሁ።